ሃያ

መሐል ሜዳ ላይ፣ ለሌሊት ተረኛ፣
ብርድ ነው አለቃው፣ ብርድ ነው ጓደኛ።
ስምንት አልጋ አለኝ። በየአልጋው ግርጌ
በሲባጎ ታስሮ የተንጠለጠለ ቻርት፤
የትኩሳት ረድፍ፣ የልብ ምት ረድፍ፣
ከዚያ የትንፋሽ፦
ሃያ፣ ሃያ፣ ሃያ፣ ሃያ፣
ከበሩ እስከ መስኮቱ፣ ዛሬም ትናንትናም፣
መንዝ በሙሉ በአንድ ሳንባ የሚተነፍስ ይመስል።
ማንም እንዳልቆጠረ ሁሉም ያውቃል።
እኔም አውቃለሁ፤
በዚሁ እጄ ስንቴ ጽፌዋለሁ።

ስድስተኛው አልጋ ጋሽ ይርዳው ናቸው፣
ገብስ ሲያጭዱ ማጭድ ቅልጥማቸውን የበላባቸው።
ፋሻው ንጹሕ ነው። ትኩሳት የላቸውም።
«እንዴት ነዎት?»
«እግዜር ይመስገን።»
«ቁስሉስ?»
«ይመስገን።»
«ሽንት ወጣልዎ?»
«ሁሉም ደህና ነው፤ አንቺ እንዳይበርድሽ፣
ደርበሽ ልበሽ።»

የእኛ አገር ሰው እንዲህ ነው፤
ጣሪያው እየነደደ እንግዳ ይቀበላል፣
ሕመሙን ከምስጋናው ሥር አጣጥፎ ያኖራል።
«በሽተኛውን ጠይቂ» ብለው አስተምረውኛል፤
«ይመስገን» ስንት ዲግሪ እንደሆነ ግን
የትኛው መምህር ነግሮኛል?

ልሄድ ዞርኩ።
ያኔ ነው ጣቶቻቸውን ያየሁት፦
የባናውን ጠርዝ ይለቅማሉ፣
ቀስ እያሉ፣ አንድ በአንድ፣
ከቡቃያ መሀል እንክርዳድ እንደሚነቅል ሰው።
«በሬዎቹ ገቡ?» አሉኝ።
ወለሉ ላይ የተኛው ልጃቸው ቀና ብሎ
«እንቅልፍ ነው፣ ሲስተር» አለ፤ ተመልሶም ተኛ።

እንቅልፍ ይሆናል። ዕድሜም ይሆናል።
ብርድም ይሆናል፤ እዚህ ብርድ ሁሉን ይሆናል።
እኔ ግን የሻረግን አስታወስኩ፣
የአምናዋን፣ የሦስተኛው አልጋዋን፤
ልቤ «ቆይ፣ ቆይ» እያለኝ
በሚያምር ጽሕፈት ሃያ ብዬ የጻፍኩላትን።
ጎህ ሲቀድ ከሃያው አንድም አልቀረ።
ማንም አልጠየቀኝ። ቻርቱ ሙሉ ነበረ።

የእጅ ሰዓቴን ፈታሁ።
የልብ ምት እንደሚቆጥር ሰው አንጓቸውን ያዝኩ፤
ትንፋሻቸውን እንደምሰልል ካወቁ
ያስተካክሉታል፣ እንግዳ ፊት ነውና።
ዓይኔን ግን ደረታቸው ላይ ጣልኩ።
አሥር። የአንገታቸው ጎድጓዳ ሲሰምጥ አየሁ።
አሥራ ሰባት። ግማሽ ደቂቃ ነው፤
እጥፉን ጽፎ መሄድ ይቻላል።
አልሄድኩም።
ሃያ መጣ፣ ሳይቆም አለፈ።
ሠላሳ።
ሠላሳ አራት።

መሣሪያው ጣታቸውን አላነብ አለ፣ በረዶ ነው፤
በመዳፌ ይዤ አሞቅኩት፣ እንደ ጫጩት።
ሰባ ዘጠኝ።

ለዶክተር ፍሬሰንበት ደወልኩ።
«ትኩሳት አላቸው?» «የላቸውም።»
«ግፊታቸው ወርዷል?» «ገና ነው።»
«ታዲያ?»
ታዲያማ።
ባናውን ይለቅማሉ ልበለው?
በሬዎቹን ጠየቁኝ ልበለው?
«ትንፋሻቸው ሠላሳ አራት ነው» አልኩ።
«ቆጥረሽ?»
«ሙሉ ደቂቃ።»
ዝም አለ።
ከዚያ በስልኩ ውስጥ ጫማ የሚፈልግ እግር ሰማሁ።

የቀረው ሌሊት፦ ጉሉኮሱ፣ መርፌው፣
ከማዋለጃ ክፍል እየተንኳኳ የመጣው የኦክስጅን ሲሊንደር፣
ንጹሑ ፋሻ ሲፈታ ከሥሩ የወጣው ሽታ።
አልዘረዝረውም።

በአራተኛው ቀን ማታ እንደገና አንጓቸውን ያዝኩ።
«እንዴት ነዎት?»
«ይመስገን።»
ቆጠርኩ። ደገምኩ።
ሃያ።
እስክሪብቶዬ ቆመ። አፈርኩ፤
እውነቱ የውሸቱን ልብስ ለብሶ መጣብኝ፣
ከላይ ካሉት፣ ከታች ከሚመጡት ሃያዎች
ማን ለይቶ ያምነኛል?
ጻፍኩት።
ባናውን እስከ አንገታቸው ሳብኩላቸው፤
ሰዓቴን በእጄ እንደያዝኩ
ወደ ሰባተኛው አልጋ ሄድኩ።